ባሩን ተዉት፣ ዲግሪውን ንገሩኝ፦ ቱርቦ በአየር በሚቀዘቅዝ ሞተር ላይ

መኪናዬ ቱርቦ፣ ማለትም በጭሱ ኃይል እየዞረ አየር ወደ ሞተሩ በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ፣ እንዳላት የሰማ ሰው ሁሉ ጥያቄው አንድ ነው። «ስንት ባር ይገፋል?» መልሴም አንድ ነው። «ግማሽ ባር።» ባር የግፊት መለኪያ ነው። ብዙዎቹ ቅር ይላቸዋል። ግማሽ ባር ትንሽ ይመስላቸዋል። ቴስታታው፣ ማለትም የሲሊንደሮቹን ጫፍ የሚዘጋው የሞተሩ ራስ፣ ስንት ዲግሪ እንደሚደርስ የሚጠይቀኝ ግን ከስንት አንድ ነው። በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ላይ ቱርቦ ሊገጥም ያሰበ ሰው መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት እሱን ነበር። ግፊት መጨመር ቀላል ነው፤ ግፊቱን የሚገድበው ቫልቭ ላይ ጠንከር ያለ ስፕሪንግ መቀየር ብቻ ነው። ግፊቱ ይዞት የሚመጣውን ሙቀት ከሞተሩ ማስወጣቱ ነው ሰውን የሚያደክመው። ጊዜዬን የበላውም፣ ዛሬ የምጽፈውም ስለሱ ነው።

የእኔዋ ያቺ ሁላችሁም የምታውቋት ክብ ቮልስ ናት። ሞተሯ 1600 የሚባለው ነው፤ በትክክል 1584 ሲሲ። የሲሊንደሩ የውስጥ ስፋት 85.5 ሚሊ ሜትር፣ ፒስተኑ የሚመላለስበት ርቀት 69 ሚሊ ሜትር። አራቱ ሲሊንደሮች ሁለት በቀኝ ሁለት በግራ ተጋድመዋል። ራዲያተር የለም። ውሃ የለም። በዲናሞው ዘንግ ላይ የተገጠመ ቬንቲላተር በቺንጋ ይዞራል። ከሞተሩ ክፍል አየር ስቦ በላሜራ መንገድ ወደ ታች ይነፋል። አየሩ በሲሊንደሮቹና በቴስታታዎቹ ስስ ክንፎች መካከል ያልፍና ሙቀቱን ተሸክሞ በሥር ይወጣል። በቃ፣ ማቀዝቀዣው ይኸው ነው። ቀሪውን ሙቀት ዘይቱ ይሸከማል፤ ዘይቱም ሁለት ሊትር ተኩል ብቻ ነው። ከ21 ሚሊዮን በላይ ቮልሶች በዚህ አሠራር ተመርተዋል። የመጨረሻዋ እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ከፋብሪካ ስትወጣም ሞተሯ የሚቀዘቅዘው በአየር ነበር።

ከፋብሪካው የተሰጣት ጉልበት 50 ፈረስ ነው። ሜዳ ላይ ይበቃል። ረጅም ዳገት ላይ ግን ሁለተኛ ማርሽ ይዞ ማቃሰት አለ፤ ከኋላ ያለው የጭነት መኪና ጥሩምባ ሲጨመርበት ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። ሰው ሞተር ቀይር ይለኛል። አልቀይርም። የዚህን ሞተር ድምፅ ከነፍሴ እወደዋለሁ። ትልቅ ፒስተንና ትልቅ ኮሎ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩትን ዘንግ) ማስገባትም ይቻላል፤ ብዙዎች የሚመርጡት እሱን ነው። እኔን ወደ ቱርቦ የሳበኝ ሌላ ነገር ነው። ትልቅ የተደረገ ሞተር ሁልጊዜ ትልቅ ነው፤ ቀስ ብላችሁ ስትነዱም ብዙ ይበላል፣ ብዙ ይሞቃል። ቱርቦ ግን ቤንዚን ካልረገጣችሁ የለም ማለት ይቻላል። ሜዳ ላይ ስሄድ የምነዳው ያንኑ የድሮውን ሞተር ነው። ጉልበቱ የሚመጣው ስጠራው ብቻ ነው።

ደግሞ አዲስ ነገር አይደለም። የቱርቦ ሐሳብ ከስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ከአልፍሬድ ቡኪ ጋር እ.ኤ.አ. ከ1905 ጀምሮ አለ። በመንገድ መኪና ላይ ቱርቦ ገጥመው ለሽያጭ ካቀረቡት የመጀመሪያዎቹ ሁለት መኪኖች አንዱ ደግሞ በአየር የሚቀዘቅዝ ነበር። የ1962ቱ ሼቭሮሌ ኮርቬር ማለቴ ነው። ሞተሩ ከኋላ፣ ስድስት ሲሊንደር፣ ግራና ቀኝ የተጋደመ፣ 150 ፈረስ። ግፊቱን የሚገድብ ቫልቭ እንኳ አልነበረውም። የማርሚታው መታፈን ራሱ ነው ቱርቦውን ከልክ እንዳያልፍ የያዘው። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1975 ፖርሸ 930 መጣ፤ 3 ሊትር፣ 260 ፈረስ። በ1973 ውድድር ላይ የነበረው ፖርሸ 917/30 ደግሞ 12 ሲሊንደር በአየር እያቀዘቀዘ ከ1000 ፈረስ በላይ አውጥቷል። ስለዚህ «በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ቱርቦ አይችልም» የሚለኝን ሰው አልሰማውም።

ግን ፖርሸ እንዴት እንዳደረገው ልብ በሉ። የመጀመሪያው 930 የመጭመቂያ ልኩ፣ ማለትም ፒስተኑ ድብልቁን ስንት እጥፍ እንደሚያጠብበው፣ 6.5 ለ 1 ብቻ ነበር። በጊዜው ከነበሩት ሞተሮች አንጻር በጣም ዝቅ ያለ ነው። ጉልበት ፈልገው ሳለ መጭመቂያውን ቀነሱ። እ.ኤ.አ. በ1978 ሞተሩን 3.3 ሊትር ሲያደርጉት ከኋላ ክንፉ ሥር ቱርቦው የጨመቀውን አየር የሚያቀዝቅዝ ነገር ጨመሩ፤ ኢንተርኩለር የምንለውን ማለት ነው። በ1980ዎቹ 959ን ሲሠሩ ደግሞ ሲሊንደሩን በአየር ትተው ቴስታታውን በውሃ አደረጉት። ይህ ለእኔ ትልቅ ትምህርት ነው። በዚህ ሥራ ከማንም በላይ የቆየው ፋብሪካ መጀመሪያ ሙቀት ያስቸገረው ቴስታታው ላይ ነው። ቮልስ ላይ የሚያስቸግራችሁም እዚያው ነው።

እስቲ ሙቀቱን በቁጥር እንየው። አየር ሲጨመቅ ይሞቃል። የብስክሌት ጎማ ነፍቶ ፖምፓውን በእጁ የነካ ሁሉ ያውቀዋል። 25 ዲግሪ አየር ወደ ቱርቦው ገባ እንበል። በግማሽ ባር ሲጨመቅ ቱርቦው ምንም ብክነት ባይኖረው እንኳ ወደ 62 ዲግሪ ይደርሳል። ትንሽ መንገድ መኪና ላይ የሚገጠም ቱርቦ ግን ብክነት አለው። ብቃቱን 65 በመቶ ብላችሁ ብትይዙት የሚወጣው አየር 80 ዲግሪ አካባቢ ይሆናል። የሞቀ አየር ደግሞ ሳሳ ያለ ነው። ስለዚህ ጌጁ ላይ 50 በመቶ ተጨማሪ ግፊት ታያላችሁ፤ ሲሊንደሩ ውስጥ የገባው ተጨማሪ አየር ግን 27 በመቶ ገደማ ነው። ያንኑ አየር ወደ 45 ዲግሪ ብታቀዘቅዙት ግፊቱ ሳይጨምር 40 በመቶ ይሆናል። ከ50 ፈረስ ተነስታችሁ ስታሰሉት የመጀመሪያው ወደ 63፣ ሁለተኛው ወደ 70 ያደርሳችኋል። ልዩነቱን ያመጣው ሙቀት ነው። ባሩ ያው ነው።

ከፍታ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ፤ ይህን የሚያነሳው ሰው ጥቂት ነው። ከባሕር ጠለል 2000 ሜትር ከፍ ስትሉ የአየሩ ግፊት ወደ 0.8 ባር ይወርዳል። ሞተሩ አንድ አምስተኛ ያህል ይደክማል። ቱርቦ ይህን ያካክሳል፤ ለዚህም ነው ከፍታ ላይ ቱርቦ የሚወደደው። ነገር ግን ቬንቲላተሩም የሚስበው ያንኑ የሳሳ አየር ነው። ቱርቦው ለቃጠሎው አየር ይመልሳል። ለማቀዝቀዣው ግን ማንም አይመልስለትም። እሳቱ ወደ ድሮው ሲመለስ ማቀዝቀዣው እንደደከመ ይቀራል። ከፍታ ላይ የሚነዳ ሰው ይህን ክፍተት ቀድሞ ማሰብ አለበት።

አብሬው የምሠራ አንድ አንጋፋ መካኒክ አለ። ዕድሜውን ሙሉ እነዚህን ሞተሮች ሲያወርድና ሲሰቅል የኖረ ሰው ነው። ቱርቦውን ይዤ ስሄድ ዞር ብሎም አላየውም። ጎንበስ ብሎ ሞተሩን ዙሪያውን አየና «ልጄ፣ መጀመሪያ ላሜራህን አሟላ» አለኝ።

«ጋሼ፣ ላሜራው እኮ አለ» አልኩት።

«ከላይ ያለው አለ። ከሥር ያለውስ?»

ልክ ነበር። ከሲሊንደሮቹ ሥር፣ በሁለቱ መካከል የሚገባ ትንሽ የታጠፈ ላሜራ አለ። ብዙ ጊዜ ሞተር ሲታደስ ይጣላል፤ ምን እንደሚሠራ የሚያውቅ ስለሌለ። ሥራው አየሩ በሲሊንደሮቹ መካከል በቀጥታ ወርዶ እንዳያመልጥ፣ ዞሮ የታችኛውን ክንፍ እንዲነካ ማስገደድ ነው። እሱ ከሌለ የሲሊንደሩ ሆድ አየር ሳያገኝ ይውላል። በሞተሩ ዙሪያ ያለው ጎማም እንደዚያው ነው። ከላይ ያለው ክፍል የቀዝቃዛ አየር ነው፤ ከሥር ያለው የሙቅ። ሁለቱን የሚለየው ላሜራውና ጎማው ነው። የጣት ስፋት ያለው ቀዳዳ ካለ ቬንቲላተሩ ከሥር የወጣውን ሙቅ አየር መልሶ ይጠጣዋል። ቱርቦ ስትጨምሩ ደግሞ ከሥር ያለው አየር የበለጠ ይሞቃል። እኔ ማታ ላይ መብራት ከሥር አስገብቼ ከላይ ብርሃን የሚታይበትን ቦታ ሁሉ እያየሁ ደፈንኩ። የሽቦ ማለፊያ ቀዳዳዎች ሳይቀሩ። ይህ ብቻ፣ ቱርቦው ገና ሳጥን ውስጥ እያለ፣ የዘይቱን ሙቀት በግልጽ አወረደው።

ሦስተኛው ሲሊንደር የራሱ ታሪክ አለው። በግራ በኩል ወደ መኪናው ፊት ያለው ነው። በድሮዎቹ ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው በቬንቲላተሩ ላሜራ ውስጥ፣ ልክ ከግራዎቹ ሲሊንደሮች በላይ ይቆም ነበር። አየሩ መጀመሪያ ዘይቱን አቀዝቅዞ፣ ሞቆ ነው ወደ ሲሊንደሩ የሚደርሰው። የሦስተኛው የጭስ ቫልቭ ተቃጥሎ ወይም ተቆርጦ የወደቀበት ቮልስ ስንቱ ነው። ከ1971 ሞዴል ጀምሮ ማቀዝቀዣውን ከዋናው መንገድ አውጥተው የራሱ ቤት ሠሩለት። ሞተራችሁ ከዚያ በፊት የነበረው ዓይነት ከሆነ ይህን ሳትቀይሩ ቱርቦ አታስቡ። ይህን እንደ ምክር ሳይሆን እንደ ልመና ያዙልኝ። የሙቀት ጌጅ ስትገጥሙም ሦስተኛው ሲሊንደር ላይ ግጠሙ። ብልጭታውን ከሚሰጠው ከካንዴላው ሥር የሚገባ ቀለበት ያለው ሴንሰር አለ፤ እሱ ይበቃል።

ወደ ብረቱ እንግባ። የሞተሩ ገላ ማግኒዥየም ነው። ቴስታታው አሉሚኒየም ነው። ሲሊንደሩ ብረት ነው። ሁሉንም አንቀው የያዙት ረጃጅም ቡሎኖች ደግሞ የብረት ናቸው። ሲሞቅ አሉሚኒየም ከብረት በእጥፍ ገደማ ይለጠጣል፤ ማግኒዥየም ከዚያም ይብሳል። ስለዚህ ሞተሩ በሞቀ ቁጥር ቡሎኖቹ ይወጠራሉ። የቡሎኑ ጥርስ የተያዘው ለስላሳ ማግኒዥየም ውስጥ ነው። ውሎ አድሮ ጥርሱ ይበላና ቡሎኑ እየተነቀለ ይመጣል። ቴስታታው ይላላል። በዚህ ሞተር ላይ በቴስታታውና በሲሊንደሩ መካከል ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) የለም፤ ብረት ለብረት ነው የሚገጥመው። ትንሽ ሲላላ እሳቱ በዚያ ያመልጣል። ቱርቦ ሲጨመርበት ጊዜ አይሰጥም። መፍትሔው የታወቀ ነው። ገላው ላይ ያሉትን ቀዳዳዎች አስፍቶ ውስጡ ጥርስ ያለው የብረት ቱቦ ማስገባት። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው፤ ሞተሩ ፈርሶ ጠረጴዛ ላይ እያለ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ስታጠብቁም በጉልበት አይሆንም። ለ10 ሚሊ ሜትሩ ቡሎን 32 ኒውተን ሜትር፣ ለ8 ሚሊ ሜትሩ 25። «ቱርቦ ስለሆነ ትንሽ ልጨምርበት» ማለት ጥርሱን ራሳችሁ ነቀላችሁት ማለት ነው።

የመጭመቂያ ልኩ ላይ ሰው ሁለት ይከፈላል። የ1600 ሞተር ከፋብሪካ 7.5 ለ 1 ነው። ለቱርቦ ወደ 7 ማውረድ ጥሩ ነው። ቀላሉ መንገድ በሲሊንደሩ ሥር ቀለበት ማስገባት ነው። ሒሳቡ እንዲህ ነው። አንዱ ሲሊንደር 396 ሲሲ ነው። 7.5 ለ 1 ከሆነ ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ ከላይ የሚቀረው ቦታ 61 ሲሲ ገደማ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ቀለበት ስታስገቡ 5.7 ሲሲ ይጨምራል። ልኩ ወደ 6.95 ይወርዳል። ርካሽ ነው፣ ፈጣን ነው። እኔ ግን አልወደውም። ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ ከቴስታታው ጠፍጣፋ ከንፈር ጋር በጣም መቀራረብ አለበት። ያ መቀራረብ ነው ድብልቁን ወደ መሃል ገፍቶ የሚያማታውና በአንዴ እንዲቃጠል የሚያደርገው። ቀለበት ስትጨምሩ ያን አጣችሁት። ልኩ ወረደ፤ በዘፈቀደ የመፈንዳት አደጋው ግን የምትጠብቁትን ያህል አልቀነሰም። ስለዚህ ፒስተኑን ቀርቦ እንዲቀር አድርጌ የቴስታታውን ጓዳ፣ እሳቱ የሚነሳበትን ባዶ ቦታ፣ ራሱን አሰፋሁት። በትንሽ መፍጫ፣ እየፈጩ፣ በመርፌ ዘይት እየሞሉ እየለኩ። አራቱም ጓዳዎች እኩል እስኪሆኑ። አድካሚ ነው፤ ከሁሉም ሥራ ግን በጣም የወደድኩት ይህን ነው። ቫልቮቹ አካባቢ ያሉትን ሹል ጠርዞች ሁሉ ስታለሰልሱ እሳት ሳይጠራ እንዲነሳ የሚያደርጉ የጋሉ ነጥቦችንም አብራችሁ ታጠፋላችሁ።

ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ፣ ካምሻፍቱን፣ አልነካሁትም። የፋብሪካው ለቱርቦ ደህና ነው።

ቱርቦውን የት እናስቀምጠው? ከላሜራው በላይ፣ የሞተሩ ክፍል ውስጥ ማስቀመጥ ያምራል። ክዳኑ ሲከፈት ይታያል። ግን ቬንቲላተሩ አየር የሚስበው ከዚያው ክፍል ነው። ቀይ እስኪሆን የሚግል ብረት ከቬንቲላተሩ አፍ አጠገብ ማስቀመጥ አይዋጥልኝም። የእኔ ከላሜራው በታች፣ ከሞተሩ በስተኋላ፣ ማርሚታው በነበረበት አካባቢ ነው። ከ1.6 እስከ 1.8 ሊትር ሞተር ላይ የሚመጣ ትንሽ ቱርቦ ነው። ትልቅ ብትገጥሙ ለመነሳት ይዘገያል፤ ይህ ሞተር ደግሞ በከፍተኛ ዙር የሚኖር ሞተር አይደለም።

ከታች ማስቀመጥ ግን ዋጋ ያስከፍላል። የቱርቦው ዘንግ በደቂቃ ከ100 ሺህ ዙር በላይ ይዞራል። ተንሳፍፎ የሚዞረው በስስ የዘይት ሽፋን ላይ ነው። ዘይቱ በግፊት ይገባል፤ ሲወጣ ግን በራሱ ክብደት ነው የሚፈስሰው። ቱርቦው ከዘይቱ ቋት ዝቅ ካለ ወደየት ይፈስሳል? ዳገት አይወጣም። ዘይቱ ቱርቦው ውስጥ ይጠራቀምና በማሸጊያው አልፎ ወደ ጭሱ ይገባል። ከኋላ ሰማያዊ ጭስ ይታያል፤ ሰውም ቱርቦው ተበላሸ ብሎ ሌላ ይገዛል። ቱርቦው ምንም አልሆነም። የሚያስፈልገው ዘይቱን መጥጦ የሚመልስ ሁለተኛ ፖምፓ ነው። በዋናው የዘይት ፖምፓ ላይ ተደርቦ የሚገጠም ባለ ሁለት ክፍል ፖምፓ አለ፤ እኔ የተጠቀምኩት እሱን ነው።

ሌላም አለ። ይህ ሞተር ከፋብሪካ የዘይት ፊልትሮ የለውም። ከሥር ያለችው ወንፊት ብቻ ናት። ወንፊቷ ጠጠር ታስቀር ይሆናል፤ ለቱርቦ ዘንግ ግን ዓይን የማያየው ብናኝም ጠላት ነው። ስለዚህ ዘይቱ ከፖምፓው ወጥቶ፣ በፊልትሮ አልፎ፣ በተጨማሪ ማቀዝቀዣ ዞሮ እንዲመለስ ገላውን በስቶ መስመር ማበጀት ግድ ነው። ከሥርም ተጨማሪ የዘይት ቋት ይገጠማል። ቱርቦ ስትመርጡ ደግሞ መሃሉ በዘይት ብቻ የሚቀዘቅዘውን ዓይነት ምረጡ። አብዛኞቹ ዘመናዊ ቱርቦዎች የውሃ መስመር አላቸው፤ እኛ ጋ ውሃ የለም። ለዚህም ነው ከዳገት በኋላ ሞተሩን በቁሙ ትንሽ ሳላሠራ የማላጠፋው። ድንገት ካጠፋችሁት ቱርቦው ውስጥ የቀረው ዘይት ተቃጥሎ ከሰል ይሆናል።

ነዳጁን በተመለከተ ሦስት መንገድ አለ። አንደኛው ቱርቦው ቤንዚንና አየር በሚቀላቅለው በካርቡራተሩ በኩል እንዲስብ ማድረግ ነው። ኮርቬር እንዲያ ነበር። ቀላል ነው፤ ግን ቱርቦው ውስጥ የሚያልፈው ቤንዚን የተቀላቀለ አየር ስለሆነ ኢንተርኩለር መግጠም አደገኛ ነው። ለእኔ ኢንተርኩለር የሌለበት ነገር አይታሰብም፤ ስለዚህ ተውኩት። ሁለተኛው ቱርቦው ወደ ካርቡራተሩ እንዲነፋ ማድረግ ነው። ይሠራል። ነገር ግን የቤንዚን ፖምፓው ግፊት ከቱርቦው ግፊት ጋር እኩል ከፍ እያለ መሄድ አለበት። አለበለዚያ ልክ ጉልበት ሲፈለግ ቤንዚኑ ወደ ካርቡራተሩ አይገባም። ድብልቁ ይሳሳል፣ ፒስተኑ ይቀልጣል። ሦስተኛው በኮምፒውተር እየተመራ ቤንዚኑን የሚረጭ ኢንጄክሽን ነው። የመረጥኩት ይህን ነው። የድሮ መኪና ወዳጆች ቅር እንደሚላቸው አውቃለሁ። ሆኖም ቤንዚኑንና ማቀጣጠያውን በአንድ ላይ፣ እንደ ግፊቱና እንደ ሙቀቱ የሚያስተካክልልኝ ሌላ ነገር የለም። ግፊት ሲኖር ለ1 ኪሎ ቤንዚን 12 ኪሎ አየር ነው የሰጠሁት፤ በልኩ ለመቃጠል የሚበቃው 14.7 ነው። ትርፉ ቤንዚን ሲተን ጓዳውን ያቀዘቅዛል። ብክነት ነው የሚል ካለ፣ እኔ ቴስታታ ከምገዛ ቤንዚን ልግዛ።

ማቀጣጠያው ላይ፣ ብልጭታው በሚነሳበት ጊዜ ላይ ማለቴ ነው፣ ስስ ሚዛን አለ። የተለመደው ደንብ ለየ0.07 ባር ግፊት ብልጭታውን በዘንጉ ዙር አንድ ዲግሪ ማዘግየት ነው። በግማሽ ባር 7 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። ውሃ ባለው ሞተር ላይ ለጥንቃቄ ትንሽ አብዝቶ መዘግየት ብዙ አይጎዳም። እዚህ ግን ይጎዳል። ዘግይቶ የተነሳ እሳት ፒስተኑን ሳይገፋ፣ ገና እየነደደ በጭስ ቫልቩ ይወጣል። ሙቀቱን የሚቀበለው ማን ነው? ያው ቴስታታው። ቀድሞ ቢነሳ ይፈነዳል፣ ዘግይቶ ቢነሳ ያግላል። ፍንዳታውን በጆሮ እሰማለሁ ብላችሁም አትተማመኑ፤ የቬንቲላተሩ ጩኸት ይውጠዋል።

ስለዚህ ካንዴላ ማንበብ ተማሩ። ከዳገት በኋላ ሞተሩን አቀዝቅዤ ካንዴላዎቹን አወጣለሁ። ነጩን ሸክላ በማጉያ መነጽር አየዋለሁ። ቡናማ ነገር ካለበት ደህና ነው። በርበሬ የተረጨበት የሚመስል ጥቁር ነጠብጣብ ካለ ፍንዳታ ጀምሯል። የሚያብረቀርቁ ጥቃቅን የብር ቅንጣቶች ካየሁ ደግሞ እነሱ የፒስተኑ አሉሚኒየም ናቸው። ያኔ መንዳት የለም። ኮምፒውተሩ ላይ ሁሉም ነገር ልክ ነው ቢልም እኔ የማምነው ሸክላውን ነው።

ኢንተርኩለሩን ብዙ ሰው የሞተሩ ክዳን ላይ፣ የአየር መግቢያው ወንፊት ሥር ይገጥመዋል። አየር ያገኛል፣ እውነት ነው። ግን በእሱ አልፎ የሞቀውን አየር ማን ይስበዋል? ቬንቲላተሩ። የሲሊንደሩን መግቢያ አቀዝቅዛችሁ የሲሊንደሩን ውጭ አሞቃችሁ። የእኔ ከኋላ ጎማ መከላከያው ሥር ነው። የራሱ የኤሌክትሪክ ቬንቲላተር አለው፤ የሞቀውንም ወደ ውጭ ይተፋል። ቧንቧው ረዝሟል፤ ቱርቦው ለመነሳት ጥቂት ይዘገያል። ተስማምቼበታለሁ።

አሁን ዳገት ላይ እንዴት ናት? ሦስተኛ ማርሽ ላይ፣ ዙሩ 2500 አካባቢ ሲሆን ከኋላ ቀጭን ፉጨት ይሰማል። ከዚያ ወንበሩ ጀርባዬን ይገፋኛል። ድንገተኛ አይደለም፤ እያደገ የሚመጣ ጉልበት ነው። የግፊቱ ጌጅ ግማሽ ባር ላይ ይቆማል። እኔ ግን እሱን አላየውም። ዓይኔ ቴስታታው ላይ ነው። ሜዳ ላይ 160 አካባቢ የነበረው ቀስ ብሎ ይወጣል። 170፣ 180። የእኔ መስመር 200 ነው። እዚያ ሲደርስ እግሬን አነሳለሁ፣ ማን ቢያሳድደኝ። ልብ በሉ፣ እግር ከተነሳ በኋላም መርፌው ትንሽ ሽቅብ ይሄዳል፤ ብረቱ ውስጥ ያለው ሙቀት ገና እየመጣ ነው። 220 ላይ ልቁም የሚል ሰው ያንን አልቆጠረም። ማርሽ መቀነስም ይረዳል። ዙሩ ሲጨምር ቬንቲላተሩም አብሮ ይፈጥናል፤ አየሩ ይበዛል። በዝቅተኛ ዙርና በሙሉ ግፊት ዳገት መግፋት ለዚህ ሞተር ከሁሉ የከፋው ነገር ነው።

የቫልቭ ክፍተት ማየት ደግሞ ከበፊቱ ይልቅ ቶሎ ቶሎ ነው። ሞተሩ በደንብ በርዶ፣ 0.15 ሚሊ ሜትር። የምፈልገው ለውጡን ነው። የጭስ ቫልቭ ክፍተት በየጊዜው እየጠበበ ከመጣ ቫልቩ እየተለጠጠ ነው፣ ወይም መቀመጫው እየሰመጠ ነው። በመጠን እያስተካከሉ መቀጠል አይቻልም፤ ቴስታታው መውረድ አለበት። ለዚህ ትንሽ ደብተር አለኝ። የየቫልቩን ቁጥር እጽፍበታለሁ። የሦስተኛው የጭስ ቫልቭ እስካሁን ከቦታው አልተንቀሳቀሰም። ቀጥሎ የሚገጠመው ለቀሩት ሦስት ሲሊንደሮችም የካንዴላ ሥር ሴንሰር ነው። ሦስተኛው ሁልጊዜ ከሁሉም ይሞቃል የሚባለው በዚህ አዲስ የአየር ማለፊያም እውነት መሆኑን በቁጥር ማየት እፈልጋለሁ።